ከቢሮ ቤት፣ ከቤት ቢሮ ሆኖ ለደበራችሁ፦ አዲስ አበባ ላይ ትንንሽ ማምለጫ እንዴት ይፈለጋል

ይሄ መመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ለሚውል ሰው ነው። ጠዋት 12 ሰአት ተነስቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ 2:30 ላይ ፈርሞ፣ ማታ 11:30 ወጥቶ፣ እንደገና ተሰልፎ፣ 2 ሰአት ላይ ቤቱ ደርሶ እራቱን በልቶ ለሚተኛ። እንዲህ ላለ ሰው "ኧረ ላንጋኖ ሂድና ፈታ በል" ማለት ቀልድ ነው፣ ብሩም የለ ጊዜውም የለ። ስለዚህ ትልቁን ቫኬሽን እንተወውና አሁን ባላችሁ ሳምንት ውስጥ የሚገቡትን ትንንሾቹን እንፈልግ። (ሰአቱ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው።)

ከመጀመራችን በፊት የኔን መለኪያ ልንገራችሁ። ቢሾፍቱ ድረስ ሄዶ ሀይቅ ዳር ቁጭ ብሎ በስልክ ከቦሱ ጋር ሲጨቃጨቅ የሚውል ሰው አላመለጠም። ከቢሮው ጀርባ ካለች ጀበና ቡና ጋ ሃያ ደቂቃ ማንም ሳይጠራው የተቀመጠ ሰው ግን አምልጧል። እና ከታች የምነግራችሁን ሁሉ በሁለት ጥያቄ ለኩት፦ በዛ ሰአት ሰው ይጠራኛል ወይ? ሌላ ጉዳይ ተለጥፎበታል ወይ? ሁለቱም "አይ" ከሆነ አለቀ፣ ቦታው የትም ይሁን።

እርምጃ 1፦ ሳምንታችሁ ውስጥ ቀዳዳ ፈልጉ

ስልካችሁ ላይ ኖት ክፈቱና ያለፈውን ሳምንት ከሰኞ እስከ እሁድ እንዳለፈው አድርጋችሁ ጻፉት፣ ሳታሳምሩት። ስንት ሰአት ወጣችሁ፣ ታክሲ ስንት ሰአት አገኛችሁ፣ ምሳ የት በላችሁ፣ ቅዳሜ ምን ላይ ዋለ፣ ሁሉንም። ስትጨርሱ ሁለት አይነት ሰአት ይወጣላችኋል፣ አንዱ የሰው ሰአት ነው (የቢሮ፣ ልጅ ማድረስ፣ ለቅሶ፣ እድር)፣ ሌላኛው ደግሞ የማንም ያልሆነ፣ ዝም ብሎ የሚባክነው። የምንፈልገው የሚባክነውን ነው።

ብዙ ሰው ጋ የሚገኙት ቀዳዳዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ አርብ ምሳ፦ የመንግስት መስሪያ ቤት ከሆናችሁ በሌላው ቀን ምሳ ከ6:30 እስከ 7:30 ነው፣ አርብ ግን ከ5:30 እስከ 7:30፣ ማለትም ሙሉ ሁለት ሰአት። ጁምአ የሚሰግዱ ጓደኞቻችን በደንብ ይጠቀሙባታል፣ ሌላው ሰው ግን ካፌ ተቀምጦ ስለ ደሞዝ ጭማሪ ሲያወራ ትሄዳለች። ሁለተኛ ከ11:30 እስከ 1 ሰአት ማታ፣ የታክሲ ሰልፍ ሰአት። ሶስተኛ እሁድ ጠዋት ከ12 እስከ 4። ግማሽ ቀን ቅዳሜ የምትሰሩ የግል ድርጅት ሰዎች ደግሞ ቅዳሜ 6:30 ወጥታችሁ ቤት እስክትደርሱ ያለችውን ሰአት ያዟት፣ ቤት ከገባችሁ በኋላ አትገኝም።

እርምጃ 2፦ በሃያ ደቂቃ ጀምሩ

ዛሬውኑ የሚቻለው ይሄ ነው። ከሰአት 10 ሰአት አካባቢ ጭንቅላት ቆሞ ስክሪኑ ላይ ስታፈጡ ብቻችሁን ውጡና ቢያንስ ሁለት መንገድ ተሻግራችሁ ቡና ጠጡ። ግቢው ውስጥ ያለው ላውንጅ አይሆንም፣ እዛ ሂሳብ ክፍሉም አለ፣ ሰው ሀብቱም አለ፣ "ያቺን ደብዳቤ አየሃት?" የሚል ሰው አይጠፋም። ሰፈሩ ውስጥ ሳር ጎዝጉዛ ረከቦት ዘርግታ የምታፈላ ሴት አትጠፋም፣ እሷ ጋ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"ብቻችሁን" ያልኩት በምክንያት ነው። የስራ ባልደረባ ይዛችሁ ከወጣችሁ ወሬው ስለ ስራ ይሆናል፣ አለቃው ተቦጭቆ፣ ቢሮው ተረግሞ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ከነበራችሁበት ብሳችሁ ትመለሳላችሁ። ሃሜት ደስ አይልም አላልኩም ግን እረፍት አይደለም። ስልኩን ጠረጴዛችሁ ላይ ትታችሁት መውጣት ከቻላችሁ በጣም ጥሩ፣ ካልቻላችሁ ቢያንስ የቢሮውን ቴሌግራም ግሩፕ ሚውት አድርጉት፣ ሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚፈርስ መስሪያ ቤት የለም።

አለቃ ቢጠይቅ? "ሻይ ልጠጣ ነው፣ 10:30 ላይ እመለሳለሁ" በቃ። ሰአቱን ራሳችሁ ከተናገራችሁ ጥያቄ አይበዛም፣ ግን ባላችሁት ደቂቃ ተመለሱ ምክንያቱም አንዴ ካረፈዳችሁ ቀዳዳዋ ትደፈናለች።

እርምጃ 3፦ አርብ ምሳን እንደ ግማሽ ቀን ተጠቀሙበት

ሁለት ሰአት ብዙ ነው ግን በምሳ ከጀመራችሁ ያልቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፣ መጀመሪያ ሂዱ፣ ከዛ ስትመለሱ የሚያዝ ነገር ብሉ። ሳምቡሳም ይሁን እርጥብ ወይ ከቤት የተቋጠረ። አርብ ጾም ስለሆነ ለብዙዎቻችሁ ምሳው ራሱ ቀላል ነው።

የት እንደምትሄዱ ቢሮአችሁ ያለበት ሰፈር ነው የሚወስነው፣ ከ15 ደቂቃ በላይ የሚያስኬድ ከሆነ ተውት።

አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። አምስት ኪሎ ብሄራዊ ሙዚየም አለ፣ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሰልፍ ይዘውን ሄደው ከዛ ወዲህ አልረገጥነውም። የ3.2 ሚሊዮን አመቷን ድንቅነሽ ቀስ ብሎ ማየትና ሃምሳ ልጅ እየገፋህ ማየት ይለያያል፣ በነገራችን ላይ ጎብኚ የሚያየው ቅጂዋን ነው፣ ዋናው አጽም ተቀምጦ ነው ያለው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የጃንሆይ ቤተመንግስት በነበረው ህንጻ ውስጥ ነው፣ መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ቤታቸው ሳይቀር ይታያል፣ ከውስጡ ይልቅ ግን እኔ ግቢውን እወደዋለሁ፣ ዛፉ ስር አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ተማሪ ማየት ብቻውን ይበቃል። አራት ኪሎ ደግሞ ቅድስት ስላሴ ካቴድራል አለ፣ ጃንሆይና እቴጌ መነን ያረፉት እዛ ነው፣ ግቢው ውስጥ ስትዞሩ ለኢትዮጵያ ስትሟገት የኖረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስትም መቃብር አለ። ማንበብ ለሚወድ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው፣ እዛ ከገባችሁ ስልክ ማውራት ራሱ ያሳፍራል፣ ለኛ አላማ ደግሞ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

ፒያሳ ያላችሁ አራዳ ጊዮርጊስና በየካቲት 2016 የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ አለላችሁ። መታሰቢያውን ግን በአንድ ምሳ ሰአት ለመጨረስ አትሞክሩ፣ ትልቅ ነው፣ በየአርቡ አንድ አንድ ክፍል። መስቀል አደባባይ አካባቢ ከሆናችሁ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቅርብ ነው ግን ለምሳ ሰአት አልመክረውም፣ ከዛ ወጥቶ ሪፖርት መጻፍ ይከብዳል። ቦሌ ያላችሁ... ካፌ። ምን ላድርግላችሁ፣ ጥጋጥጉን ወክ ብሉ።

እርምጃ 4፦ ከ11:30 እስከ 1 ሰአት

ይቺ የኔ ምርጥ ሰአት ናት ምክንያቱም ከማንም ላይ አትወሰድም። አስቡት፣ 11:30 ላይ ከቢሮ ወጥታችሁ ሜክሲኮ ወይ መገናኛ ወይ ስታዲየም ትሰለፋላችሁ፣ ሰልፉ ህንጻውን ዞሮ ይታጠፋል፣ ታክሲ ሲመጣ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ተጋፍታችሁ ገብታችሁ መንገድ ተዘጋግቶ ትቆማላችሁ። አንድ ሰአት ቆይታችሁ ብትወጡ ኖሮ ሰልፉም ስለሚሳሳ መንገዱም ስለሚከፈት ቤት የምትደርሱት ብዙም ሳትዘገዩ ነው። ያቺ አንድ ሰአት ቆማችሁ የምታልፍ ነበረች፣ አሁን የናንተ ሆነች።

ምን ይደረግባታል? ቀላሉ በእግር መሄድ ነው። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የተሰሩት መንገዶች ላይ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት አለው፣ መቀመጫ አለው፣ የምሽት ወክ ድሮ እንዲህ አይመችም ነበር። (ስለ ኮሪደሩ ሌላ ሌላ ቅሬታ ያለው አለ፣ የተነሱት ሰፈሮች የብዙዎቻችን ትዝታ ነበሩ፣ እሱ ለብቻው ወሬ ነው።) ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከመስቀል አደባባይ ቦሌ፣ ወደ ቤታችሁ በሚወስደው አቅጣጫ ሁለት ሶስት ፌርማታ ተራምዳችሁ ከዛ ታክሲ ያዙ። ጫማ ቀይሩ፣ የቢሮ ጫማ ወኩን ያስጠላችኋል፣ ጠረጴዛ ስር ስኒከር አስቀምጡ። ስልክ በእጅ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ቦርሳችሁን ወደፊት አድርጉ፣ ሴቶች ደግሞ መብራት ባለበትና ሰው በማይጠፋበት ዋና መንገድ ብቻ ሂዱ፣ አቋራጭ ይቅርባችሁ።

ሌላው ቴአትር ነው። ብሄራዊ ቴአትር በ1948 ነው የተከፈተው፣ ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ደግሞ ከ1927 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሁለቱም ጋ በስራ ቀን የሚታይ ነገር አይጠፋም፣ በየቀኑ የሚታየው ቴአትር ይለያያል። አብዛኛው ጊዜ 11:30 አካባቢ ስለሚጀምር ከቢሮ ትንሽ ቀደም ብሎ መውጣት ይፈልጋል። በሩ ላይ የተለጠፈውን ፖስተር ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ከዛ ቀኑን መርጣችሁ ከሳምንት በፊት ለአለቃችሁ ተናገሩ። ጥሩነቱ ሁለት ሰአት ጨለማ ውስጥ ስልክ ዘግታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ማንም ደግሞ "ለምን አላነሳህም" ሊላችሁ አይችልም፣ ቴአትር ቤት ነበርኩ ነው መልሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ ድራፍት ቤት ማምለጫ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም ግን ሂሳቡን በወር መጨረሻ ደምሩት።

እርምጃ 5፦ እሁድ ጠዋት እንጦጦ

ለዚህ አንድ እሁድ ሙሉ አያስፈልግም። ከ12 ሰአት እስከ 4 ሰአት ብቻ፣ ቤተሰብ ቁርስ ሳይጨርስ ትመለሳላችሁ።

አራት ኪሎ ወይ ስድስት ኪሎ ደርሳችሁ ሽሮ ሜዳ የሚል ታክሲ ያዙ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ በእግር መውጣት ለሚችል በእግር፣ ለማይችል መኪና አለ። ከፍታው ከባህር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያልፋል፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን አትሩጡ፣ ቢሮ ወንበር ላይ ለከረመ ሳንባ መራመዱም ይበቃዋል። ትንፋሽ ሲያጥራችሁ አፍራችሁ አትቀጥሉ፣ ቁሙ። ሯጮቹ ሲያልፏችሁ አትፎካከሩ፣ እነሱ ስራቸው ነው።

ጠዋት ላይ በጣም ይበርዳል፣ ሹራብና ነጠላ ወይ ኮፍያ ያዙ፣ ፀሀይ ስትወጣ ደግሞ ታቃጥላለች። ውሃና ቆሎ በቂ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ጭቃ ነው፣ የሚያንሸራትት ጫማ አይሆንም። ላይ ስትደርሱ ሁለት ምርጫ አለ፣ አንዱ በ2013 መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ነው፣ መንገዱ የተሰራ፣ ካፌ ያለው፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ከልጆች ጋር ከሆናችሁ እዛ ሂዱ ግን እሁድ ከ4 ሰአት በኋላ ሰው በሰው ነው። ሌላው እንጦጦ ማርያምና ምኒልክ አዲስ አበባ ከመመስረቷ በፊት የተቀመጡበት የድሮ ቤተመንግስት ያለበት ጎን ነው። በእንጨትና በጭቃ የተሰራ ቤት ነው፣ ቤተመንግስት ሲባል ሌላ ነገር ለሚጠብቅ ሰው ይገርማል። እኔ ብቻዬን ስሆን የምመርጠው ይሄኛውን ነው፣ ቅዳሴውም ይሰማል፣ ከተማውም ከታች ይታያል።

ስትወጡ ከናንተ በተቃራኒ የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታያላችሁ። መንገዱን ልቀቁላቸው፣ ፎቶ አታንሷቸው።

እንጦጦ ለማይመቸው መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ገና ሳይነጋ ስፖርት የሚሰራ ሰው ሞልቷል፣ ተቀላቀሉ፣ ማንም አይጠይቃችሁም።

እርምጃ 6፦ የያዛችሁትን ሰአት ከሰው ጠብቁ

ከሁሉም ይሄ ነው የሚከብደው፣ እውነቱን ለመናገር እኛ ሀገር ከስራ ይልቅ ዊክኤንድን የሚበላው ጥሪ ነው። ጥር ከገባ ሰርግ፣ ፋሲካ ካለፈ እንደገና ሰርግ፣ መሃል ላይ ክርስትና፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ማህበር፣ እድር፣ ቤት ምረቃ። ለቅሶ አይቀርም፣ እሱ ላይ አልደራደርም፣ ነገ ለናንተም የሚመጣው ያው ሰው ነው። የቀረው ግን ድርድር አለው።

መጀመሪያ ሰአቱን ስም ስጡት። "እሁድ ጠዋት ምን አለህ?" ሲባል "ምንም" ያለ ሰው አለቀለት፣ እቃ ሲያመላልስ ይውላል። "ስፖርት አለኝ፣ 4 ሰአት ላይ ነጻ ነኝ" ያለ ሰው ግን ይከበራል። ስፖርት፣ ኮርስ፣ ቅዳሴ የሚሉትን ሰው ይቀበላል፣ "ማረፍ እፈልጋለሁ" የሚለውን አይቀበልም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሳትዋሹ ከሚቀበሉት ውስጥ አንዱን ምረጡ፣ መራመድም ስፖርት ነው።

ሁለተኛ ጉዳይ እንዳይለጠፍበት። ከእናታችሁ ጋር የምትኖሩ ከሆነ ወሬው እንዲህ ነው የሚሄደው፦

"እማዬ ነገ ጠዋት እንጦጦ ደርሼ እመጣለሁ።"
"እሰይ የኔ ልጅ፣ በዛው ሽሮ ሜዳ ለአክስትህ ያን ጋቢ ተቀበልልኝ፣ ከዛ እግረ መንገድህን ጉለሌ ጎራ በልና..."

አለቀ፣ እንጦጦው ተላላኪነት ሆነ። መልሱ እምቢ አይደለም፣ "እሺ እማዬ፣ ጋቢውን ማክሰኞ ከስራ ስወጣ አመጣልሻለሁ፣ ነገ ግን ባዶ እጄን ነው የምሄደው" ነው። ቀን ቆርጣችሁ ከሰጣችሁ ትቀበላለች፣ ማክሰኞ ደግሞ የግድ አምጡት።

ባለትዳር ከሆናችሁ ነገሩ የፍትህ ጥያቄ ነው። እሱ እሁድ ጠዋት ከወጣ እሷ ቅዳሜ ከሰአት ትውጣ፣ ልጆቹን ያኔ እሱ ይያዝ። ወንዶች ይሄን ስታነቡ አትዝለሉት፣ ብዙ ቤት ውስጥ ባልየው ኳስ ለማየት ለመውጣት ማንንም አይጠይቅም፣ ሚስትየው ግን ጸጉር ቤት ለመሄድ ሶስት ሰው ታስፈቅዳለች።

እርምጃ 7፦ የአመት ፈቃድን ቆርሶ መጠቀም

የግል ድርጅት ሰራተኛ ከሆናችሁ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት ለመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን ፈቃድ አላችሁ፣ ከዛ በየሁለት አመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። ህጉ ሰራተኛው ከጠየቀና አሰሪው ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል ይላል፣ ብዙ ቢሮ ደግሞ በስምምነት አንድ አንድ ቀን ይሰጣል። ፈቃዱን ትቻለሁ ብላችሁ ብትፈርሙ ራሱ ውሉ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ስትጠይቁ ውለታ እንደሚለምን ሰው አትሽቆጥቆጡ።

አብዛኛው ሰው ፈቃዱን የሚጨርሰው መንጃ ፈቃድ ሲያሳድስ፣ ወረዳ ሲመላለስ፣ የቤት ቀለም ሲያስቀባ ነው። እሱ ሁሉ የግድ ነው ግን ከ16ቱ ሁለት ወይ ሶስት ቀን ገና አመቱ ሲጀምር ለይታችሁ አስቀምጡ። የምታስቀምጡበት ቦታ ደግሞ ካላንደር አይቶ ነው። የሰራተኞች ቀን ሚያዝያ 23 ነው፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27፣ ልዩነታቸው አራት ቀን ነው። 23 ሀሙስ ከዋለ 27 ሰኞ ነው፣ አርብን ብቻ ፈቃድ ወስዳችሁ አምስት ቀን ታርፋላችሁ። 23 አርብ ከዋለ ደግሞ ሰኞን ውሰዱ፣ ያው አምስት ቀን። ቅዳሜ የምትሰሩ አንድ ግማሽ ቀን ጨምሩበት። ይሄን ያወቀ ሁሉ ያን ቀን ስለሚጠይቅ ከሌላው ቀድማችሁ የካቲት ላይ ጻፉ። ማመልከቻው ላይ ምክንያት አትዘርዝሩ፣ "ከአመት ፈቃዴ ላይ የሚታሰብ አንድ ቀን" ይበቃል፣ ስራችሁን ማን እንደሚሸፍን ግን ስሙን ጻፉ፣ አለቃን የሚያሳስበው እሱ ነው።

አንድ ቀን ካገኛችሁ ሁለት ጉዞ እመክራለሁ።

ቢሾፍቱ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ መኪና አለ። ሆራና ባቦጋያ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ሀይቆች ናቸው፣ የኩሪፍቱ ሀይቅም አለ። ሪዞርት ማደር አይጠበቅባችሁም፣ ሀይቅ ዳር ካሉት አንዱ ጋ ገብታችሁ ምሳ ወይ ቡና አዝዛችሁ መዋል ይቻላል፣ የመግቢያ ክፍያ ካለ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። በስራ ቀን ሂዱ፣ እሁድ ሰርገኛና ሚዜ ነው የሞላው።

ሁለተኛው የቡታጅራ መንገድ ነው፣ ይሄን ሶስት አራት ሆናችሁ መኪና ተከራይታችሁ ብትሄዱ ይሻላል፣ ለብሩ ከጓደኞች ጋር ትንሽ እቁብ ጣሉ፣ እጣው ለወጣለት ሳይሆን ለጉዞው የሚውል። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ፣ የጥንት ሰው የድንጋይ መሳሪያ የተገኘበት፣ በ2024 እ.ኤ.አ ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብቷል። ከዛ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አዳዲ ማርያም፣ ከአለት የተፈለፈለች ቤተክርስቲያን፣ ላሊበላ መሄድ ላልቻለ ሰው ቅርብ ናት። ከዛ ጢያ፣ ትክል ድንጋዮች ናቸው፣ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፣ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያሉት 36 ናቸው። ሶስቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል ጠዋት 12 ሰአት ላይ ከወጣችሁ።

ደብረ ሊባኖስና ወንጪም አሪፍ ናቸው፣ ግን በየትኛውም አቅጣጫ ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት በዛው ሳምንት መንገዱን የተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ፣ "ሰላም ነው" ካላችሁ ሂዱ፣ ካመነታ ሌላ ቀን።

መመለሻውን ከመሄጃው በላይ አስቡበት። ከቢሾፍቱም ሆነ ከጢያ ከ9 ሰአት ሳታሳልፉ ተነሱ፣ ከዛ በኋላ የከተማው መግቢያ ላይ ከከባድ መኪና ጀርባ ተሰልፋችሁ ነው የምትመሹት። ስልኩን ደግሞ ቤት ደርሳችሁ እግራችሁን ከታጠባችሁ በኋላ ክፈቱት፣ የቢሮው ግሩፕ ላይ የተከማቸው ሁሉ ጠዋት 2:30 ላይም ያው ነው የሚጠብቃችሁ።